ወንድሜ ሠንጠረዥ ሥሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ ሠራተኛው ግን እየወጣብን ነው

*ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣*

*ባሕር ዳር ጣና ዳር ዓሣ ቤት አለን። የእኔና የታላቅ ወንድሜ ነው። ከምግብ ቤቱ ሌላ የሠርግ ድግስ እናሰናዳለን። 27 ሠራተኞች አሉን። ለብዙ ዓመት ቤቱን የመራሁት እኔ ነኝ። ያኔ ማዕረግ የሚባል ነገር አልነበረም። ሥራ ሲበዛ አስተናጋጁ ድንች ይልጣል፣ ካሸሯ ጠረጴዛ ትጠርጋለች። እንደ ቤተሰብ ነበርን።*

*ወንድሜ አዲስ አበባ ባንክ ይሠራ ነበር። አምና ሥራውን ለቅቆ መጣና «ይሄ ቤት መዋቅር የለውም» አለ። ሳጥን በሳጥን የሆነ ሠንጠረዥ ሥሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ለእያንዳንዱ ሰው የሥራ ዝርዝር አስፈረመ። አሁን ያለ እሱ ፊርማ አንድ ኪሎ ሽንኩርት አይገዛም። በሁዳዴ፣ ሥራ በሚበዛብን ሰሞን፣ ግዢ የሚሠራው ልጅ በጠዋት ከአስጋሪዎች ጥሩ ቆሮሶ አገኘ። ዋጋው ከተፈቀደለት ትንሽ ከፍ ስላለ ለወንድሜ ደወለ። አልተነሣለትም። ዓሣውን ሌላ ቤት ወሰደው። ያን ቀን ዓሣ ቤት ሆነን ዓሣ የለም እያልን ሰው መለስን። ወጥ ሠሪያችንና ሁለት ጎበዝ አስተናጋጆችም ወጥተዋል።*

*እሱ ደግሞ በእኔ ጊዜ የሆነውን ያነሣብኛል። ጥር ላይ ለአንድ እሑድ ከሁለት ሙሽሮች ቀብድ ተቀብለን ጉድ ሆነን ነበር። እሱ ከመጣ ወዲህ ቀን ተደራርቦብን አያውቅም፤ ይህን አልክድም። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን አንዲት ዕቃ አጣቢ «እንኳን ወረቀቱ መጣ» ማለቷ ነው። አሁን ጎርጎራ ላይ ሁለተኛ ቤት እንክፈት ይላል። ከሁለታችን ማን ነው ልክ? ላላ ያለው ይሻላል ጠበቅ ያለው?*

*ታናሽ እህት፣ ከባሕር ዳር*

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን የያዘኝ ስልኩ ነው። ልጁ ዓሣው አጠገብ ቆሞ ደወለ፣ አልተነሣለትም፣ ዓሣው ሄደ። ይህን የወንድምሽ ሠንጠረዥ ጥፋት አድርገሽ ጽፈሽዋል። እስኪ ወደ ኋላ ሂጂና አስቢው። በአንቺ ጊዜስ ያው ልጅ ለማን ነበር የሚደውለው? ለአንቺ ነው። አንቺ ግን ታነሺ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓትም፣ ማታ 5 ሰዓትም፣ ቅዳሴ ስትወጪም ታነሺ ነበር።

ስለዚህ ላላና ጠበቅ እያላችሁ የምትጨቃጨቁባቸው ሁለት አሠራሮች ከሥራቸው ሲታዩ አንድ ናቸው። በሁለቱም ጊዜ የሚወስነው አንድ ሰው ነው። በአንቺ ጊዜ በቃል፣ በእሱ ጊዜ በፊርማ። ቤቱ ላላ ያለ የመሰለው አንቺ ፈጣን ስለሆንሽ ነው። የቀብዱ ጣጣም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። የተያዘው ቀን የተጻፈው አንቺ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ጥር ላይ ደግሞ የማንም ጭንቅላት ይሞላል።

ይህ የእናንተ ቤት ብቻ በሽታ አይደለም። ቶም በርንስ እና ጂ ኤም ስቶከር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሥራ ለመግባት የሚታገሉ የስኮትላንድ ድርጅቶችን አጥንተው ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ በማኔጅመንት ትምህርት ይጠቀሳል። ሁለት ዓይነት አደረጃጀት ለዩ። አንዱን «ሜካኒስቲክ» አሉት። የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ተከልሎ የተቀመጠ፣ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሁሉን ያውቃል የሚባለው ላይ የተቀመጠው ሰው የሆነበት ነው። ሌላውን «ኦርጋኒክ» አሉት። ሥራው እንደ ሁኔታው ይቀያየራል፣ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ይመካከራል፣ ነገሩን የሚያውቀው ሰው ማዕረጉ ዝቅ ቢልም ይደመጣል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል አላሉም። ገበያው ሲረጋ የመጀመሪያው ያዋጣል፣ ነገር ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ ሁለተኛው ያዋጣል አሉ።

ይህን ያህሉን ወንድምሽም ኮሌጅ ተምሮት ይሆናል። እኔ የምወደው ሌላኛውን ግኝታቸውን ነው። ጠበቅ ያሉት ድርጅቶች ያልለመዱት ነገር ሲመጣባቸው በአብዛኛው ወደ ሁለተኛው ዓይነት አልዞሩም። ሠንጠረዡ መልስ የሌለው ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሰዉ የቅርብ አለቃውን እየዘለለ ቀጥታ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ጋ መሄድ ጀመረ። ሳጥኖቹ ወረቀቱ ላይ አሉ፣ ሥራው ግን አንድ ሰው በር ላይ ተሰልፏል። ሌሎቹ ለእያንዳንዱ አዲስ ችግር አዲስ ሹም ሾሙ። የቀሩት ኮሚቴ አቋቋሙ። ወንድምሽ ለሱፐርቫይዘሩ ሌላ ሱፐርቫይዘር ለመሾም እያሰበ ከሆነ በሽታው የቱ ጋ እንደደረሰ አወቅሽ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ለሙሉው ቤት አንድ መልስ የለኝም፤ ሊኖርም አይገባም። ፖል ሎውረንስ እና ጄይ ሎርሽ የተባሉ የሃርቫርድ መምህራን በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የፕላስቲክ ኩባንያዎችን ተመልክተው ነበር። በአንድ ኩባንያ ውስጥ ማምረቻው ጠበቅ፣ የምርምር ክፍሉ ላላ ብሎ አገኙት። የተሳካላቸው ኩባንያዎች ክፍሎቹን እንደየሥራቸው ለያይተው ያደራጁና መልሰው የሚያገናኙበትን መንገድ አጥብቀው የያዙ ነበሩ።

ደግሞ ለዚህ ሃርቫርድ ድረስ ምን አስኬደን? ዕድራችሁን ተመልከቱት። መዋጮ የሚከፈልበት ቀን የታወቀ ነው። የዘገየ ይቀጣል፤ ቀጪው ጎረቤትም ቢሆን፣ ተቀጪው ባለጸጋም ቢሆን። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ተለይቶ ተመርጧል። የለቅሶ ቀን ግን «ድንኳን መትከል የእኔ ሥራ ዝርዝር ውስጥ የለም» የሚል ሰው አይታችኋል? ቀድሞ የደረሰው ካስማውን ይይዛል፣ ባለሥልጣኑም አግዳሚ ይሸከማል። ማንም ደንብ አያገላብጥም። የገንዘቡ ጥብቅነትና የለቅሶው ቀን ልቅነት አንድ ማኅበር ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ። እንዲያውም ድንኳኑ ተቀዶ፣ ብረት ድስቱ ጠፍቶ የማይገኘው በገንዘቡ ስለማይቀለድ ነው።

እንግዲህ የእናንተን ቤት ሥራ በሁለት እንክፈለው። አንድ ጊዜ ከተሳሳታችሁ የማይመለስ ነገር ጠበቅ ይበል። የድግስ ቀን መያዣ መዝገብ አንድ ብቻ ይሁን። ቀብድ የሚቀበለው አንድ ሰው ይሁን። አንቺም ብትሆኚ መዝገቡን ሳታዪ በስልክ «እሺ፣ ተይዟል» አትበይ፤ የአክስትሽ ልጅ ሠርግ ቢሆንም። ገንዘብ የሚቀበለውና ሒሳቡን የሚመዘግበው ሰው ይለያይ። ዓሣው መቼ ገባ፣ መቼ ፍሪጅ ገባ፣ እስከ መቼ ይሸጣል የሚለው ይጻፍ። ጠዋት ከጣና የወጣ ዓሣ በባሕር ዳር ሙቀት ውጪ ከዋለ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ነው፤ ማሽተት ብቻ አይበቃም። የማብሰያው ጋዝ ጉዳይም ጠበቅ ይበል። በእነዚህ ላይ ወንድምሽ ልክ ነው፣ አትከራከሪው።

ሌላው ሥራ ላይ ደግሞ ይህን ጠይቁ፤ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ማን ጋ ነው? የዓሣ ዋጋ በየጠዋቱ ሌላ ነው። ሌሊቱን ነፋስ ከነበረ ጀልባ አልወጣም። ጾም ከገባ ገዢው በዝቷል። ይህን ሁሉ በዓይኑ የሚያየው ዳር ላይ የቆመው ልጅ ነው። ወንድምሽ ቢሮ ተቀምጦ ትናንት የወሰነው ዋጋ ዛሬ ጠዋት አርጅቷል። ልጁ ሲደውልለት የሚያደርገው ነገር ቢኖር ልጁ የሚያውቀውን መስማትና «እንግዲያው ግዛ» ማለት ነው። ለዚህ ፊርማ ምን ያደርጋል?

«እንደፈለገ ይግዛ» ማለቴ ደግሞ አይደለም። ያን ካላችሁ ነገ ሒሳቡ ይጠፋና ወንድምሽ «ብዬ ነበር» ይላል፤ ልክም ይሆናል። አንድ ገጽ ጻፉለት። ከትናንቱ ዋጋ እስከ አሥር በመቶ ጨምሮ ሳይደውል ይግዛ። መጠኑን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አሥሩ የእኔ ግምት ነው። ከዚያ ካለፈ ይደውል። ካልተነሣለትስ? ይህም ይጻፍ። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ የሚረሳው ይህች መስመር ናት። ለምሳሌ «የዕለቱን ግማሽ ብቻ ግዛ» በሉት። ማታ ላይ ምን ያህል፣ ከማን፣ በስንት እንደገዛ በአንድ መዝገብ ያስፍር። ቆሮሶ ጠፍቶ አምባዛ ብቻ ከተገኘ ደግሞ ሜኑውን የሚቀይረው ሼፉ ይሁን፤ ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ወር ላይ ልጁ አንድ ቀን አስወድዶ ይገዛል። ይህን ከአሁኑ ልንገርሽ። ያን ቀን ሁለታችሁም ዝም በሉ። በተፈቀደለት ልክ ውስጥ ሆኖ ለተሳሳተው አንድ ጊዜ ከጮሃችሁበት በማግስቱ ለሽንኩርትም ይደውላል። ሥልጣን ሰጥቶ በቁጣ መንጠቅ ከመጀመሪያው ካለመስጠት ይከፋል።

አስተናጋጁም እንዲሁ። «ዓሣው አልበሰለም» ያለ ደንበኛ ፊት ቆሞ ሱፐርቫይዘር የሚፈልግ አስተናጋጅ ያሳዝነኛል። ይቀይርለት፣ ማታ ይመዝግበው፣ አለቀ።

የሠርግ ቀን ብቻውን ሌላ ዓለም ነው። ለእያንዳንዱ ድግስ የዕለቱን ኃላፊ አስቀድማችሁ ሰይሙ። ከሠራተኛው መሐል ይሁን። ያን ቀን እሱ ያለው ይሆናል፤ አንቺም ወንድምሽም በሥሩ ናችሁ። «ወንበር ጎድሏል» ካለሽ ወንበር ታመጫለሽ። መቼም ታላቅ ወንድም በአስተናጋጅ ሲታዘዝ ለማየት እኔ ራሴ ብጠራ ደስ ይለኛል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

አሁን ወደ ዕቃ አጣቢዋ። እዚህ ላይ የምልሽ ደስ ላይልሽ ይችላል።

አትቀየሚያት። «ማዕረግ የሚባል ነገር አልነበረም» ብለሽ ጽፈሻል። አስተናጋጁ ድንች ላጠ፤ ጎበዝ። ብረት ድስትስ አጥቦ ያውቃል? እሷስ ቲፕ ወዳለበት ወደ ጠረጴዛው ወጥታ ታውቃለች? መዋቅር በሌለበት ቤት ማንም የማይወደው ሥራ ቀስ ብሎ ዝም ባለው ሰው ላይ ያርፋል። ፈቃድም እንዲሁ ነው። በቃል የሚጠየቅ ፈቃድ የሚሰጠው ለደፋሩ፣ ለተጫዋቹ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ቡና ለሚጠጣው ነው። አንቺ ክፉ ስለሆንሽ አይደለም። ፊትሽ የሚያውቀውን ሰው ይቀድማል፤ የሁላችንም እንደዚያ ነው። ጆ ፍሪማን የምትባል አሜሪካዊት በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የሴቶች ንቅናቄ ቡድኖችን እያየች ይህንኑ ጽፋ ነበር። መዋቅር የለንም የሚል ቡድን ሁሉ መዋቅር አለው፣ ግን ተደብቋል፤ የተደበቀ አለቃን ደግሞ ማንም ሊጠይቀው አይችልም የሚል ነው ሐሳቧ። ዕቃ አጣቢዋ ወረቀቱ ላይ ያገኘችው የሥራዋን ወሰን ነው። ከዚህ በላይ የእሷ አይደለም የሚል ነገር ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ አየች።

የትርፍ ሰዓቱንም ነገር ላንሣው። በሠርግ ሌሊት ድስት ስታጥብ ያመሸችበት ተከፍሏት ነበር? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት ቀን ላይ ከሆነ የመደበኛው አንድ ተኩል ይከፈላል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። የጥምቀት ሰሞን ድግስ ምን ያህል እንደሚያስከፍላችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። «እንደ ቤተሰብ» የሚለው ቃል ይህን አይሽረውም። ላላ ያለ አሠራር የሚያምረው ደመወዙና ሰዓቱ ጠብቆ ሲያዝ ነው፤ አለዚያ ላላ ያለው የሠራተኛው ዕረፍት ብቻ ይሆናል።

ስለወጡት ሰዎች አንድ ነገር ብቻ። ወጥ ሠሪዋ በሠንጠረዡ ምክንያት እንደወጣች በምን አወቅሽ? ሰው ሲለቅ እኛ የማንወደውን ነገር ምክንያት ማድረግ ይቀናናል። ደውዪላትና ጠይቂያት። ምናልባት ሌላ ቤት ደመወዝ ጨምሮላት ይሆናል። ወይም ከአንቺ አንድ ትእዛዝ፣ ከወንድምሽ ሌላ ትእዛዝ እየመጣባት ተሰላችታ ይሆናል። ሁለተኛውን የምጠረጥረው ከደብዳቤሽ ተነሥቼ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የአንቺ ሳጥን የት ነው? አልጻፍሽልኝም። ሠራተኛው ግን አሁንም ወደ አንቺ እንደሚመጣ፣ አንቺም «እሺ ችግር የለም» እንደምትዪ እገምታለሁ። ሄንሪ ፋዮል የሚባል ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ በ1916 እ.ኤ.አ. ካስቀመጣቸው መርሆች አንዱ ሠራተኛ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ ይሁን የሚል ነው። መቶ ዓመት አልፎታል፤ በዚህ አንድ ነጥብ ግን እስካሁን የረታው ሰው አላየሁም። ማዕድ ቤቱና ድግሱ የአንቺ፣ ገንዘቡና ንብረት ክፍሉ የእሱ ይሁን። እሱ ክልል ውስጥ ያለ ሰው አንቺ ጋ ሲመጣ፣ ብታውቂውም፣ ብታዝኚለትም፣ «እሱን ጠይቀው» በይ። ይህ ለአንቺ ከባዱ ነው። ከእሱ ፊርማ ይልቅ የአንቺ «እሺ» ነው አሁን ቤቱን የሚያውከው።

ከወንድምሽ ጋር እንዴት ትነጋገሪ? ታላቅሽ ነው፤ ሠራተኛ ፊት አይሁን። ሰኞ ከምሳ በኋላ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ይዘሽው ውጪ። እዚያው ቤታችሁ ቡና አትጠጡ፤ ትሪ የያዘ ሁሉ ጆሮ አለው። ዓባይን ተሻግራችሁ ሌላ ሰፈር ሂዱ። በቆሮሶው አትጀምሪ። በቀብዱ ጀምሪ። «ወንድም ጋሼ፣ ቀን መደራረቡን አንተ ነህ ያስቆምክልኝ» በዪው። እውነት ነው፣ አንቺም ጽፈሽዋል። ሰውየው ከባንክ ነው የመጣው። ባንክ ውስጥ ካዝና በሁለት ሰው ይከፈታል፣ ያልተፈረመበት ወረቀት አይንቀሳቀስም፤ ለባንክ ልክ ነው። እዚያ ያዳነውን ይዞላችሁ መጣ እንጂ ሊያስቸግራችሁ አልመጣም። ይህን ከአፍሽ ከሰማ በኋላ ስለ ዓሣው ጠዋት ጠይቂው። «ያን ቀን ስልኩን ብታነሣ ኖሮ ምን ትለው ነበር?» በዪው። «ግዛ እለው ነበር» ይልሻል። እንግዲህ ወረቀቱን አውጪና አብራችሁ ጻፉት። ወረቀት ይወዳል፣ አይደል?

ሠንጠረዡን አታስወርጂው። ከእያንዳንዱ ሳጥን ሥር ግን አንድ መስመር ጨምሩበት፤ ይህ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ምን መወሰን ይችላል? መስመሩ ባዶ የሆነበት ሳጥን ካለ ያ ሰው የሚሠራው በሌላ ሰው ስልክ ነው።

ጎርጎራን በተመለከተ አሁን አይሆንም። እዚያ ያለው ሪዞርት ከተከፈተ ወዲህ እንግዳ እንደሚመጣ ወንድምሽ አስቦ ይሆናል፤ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ጎርጎራ የሐይቁ ሰሜን ጫፍ ነው። ምሳ ሰዓት ብቅ ብላችሁ የምትመለሱበት ቤት አይሆንም። አንድ ቤት በአንድ ሰው ስልክ ይተዳደር ይሆናል፣ ሁለት ቤት አይችልም። መጀመሪያ ባሕር ዳር ላይ ፈትኑት። ከሠርግ ወቅትም ከሁዳዴም ውጪ አንድ ሳምንት ምረጡና ሁለታችሁም አንድ ላይ ጥፉ፤ ደሴት ተሳለሙ፣ ዘመድ ጠይቁ። ለዚያ ሳምንት ቤቱን የሚይዝ ሰው ሰይሙ፤ የስልክ ጥሪ የሚፈቀደው ለእሳትና ለሕመም ብቻ ይሁን። ስትመለሱ የግዢ መዝገቡን፣ የቀን መያዣውንና የቅሬታ መዝገቡን አንብቡ። የት ጋ እንደቆመባቸው እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ያን አስተካክሉና ከወር በኋላ ድገሙት። የጎርጎራውን ቤት ኪራይ ቀብድ ከዚያ በፊት አትክፈሉ።